በር ዘግቶ መብላት

መካነ ሰላም
ጥቅምት 12 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአምባቸው ክንፈ፤ አዲስ አበባ።

ባለህበት ሁሉ እመብርሃን ጥላ ትሁንህ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ነው እንጂ ደህና እንኳ አይደለንም።

እናትህ እትዬ ቦጋለች «ልጄ በትልቁ ሆስፒታል ድሬሰር ሆነ፣ ቁስል ያክማል፣ መርፌ ይወጋል» እያሉ ከገበያ እስከ ደጀ ሰላም ስላስወሩልን የማማክረው ሰው ለማግኘት አልተቸገርኩም። ይህን ስታነብ ደረትህን ስትነፋ ይታየኛል። ንፋ፣ ይገባሃል። አባቶቻችን የአክስት ልጆች ሆነው ሳለ እኔና አንተ ከልጅነታችን ወዲህ ተያይተን አናውቅም። አሁን ግን ከአንተ ሌላ ሰው የለኝም።

አባባ ባለፈው ሐምሌ እናንተው ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ ብልቃጥና መርፌ ይዘው መጡ። የስኳር በሽታ ነው ተባለ። መቼም እዚህ ስኳርና ጨው ሰፍሮ የሚሸጠው የአድማሴ ሱቅ መሆኑን ታውቃለህ፤ የሰዉ ቀልድ አያድርስ ነው። «ሲሰፍሩ እየቀመሱ ነው» ይሏቸዋል። አባባ አብረው ይስቃሉ፤ ግን የሰረቁት ዕቃ ይመስል በሽታቸውን ይደብቁታል።

ነርሷ የነገረቻቸውን ግማሹን ረስተውታል፤ ያልረሱትንም አይነግሩኝም። የጤና ጣቢያችን ሰው ወደ ረሃብተኞቹ መጠለያ ተወስዶ ቤቱ ተቆልፏል። ስለዚህ መርፌው መቼ እንደሚወጋ፣ ምን እንደሚበሉና ምን እንደሚከለከሉ ዘርዝረህ ጻፍልኝ። እኔ ፍርድ ቤት ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስገለብጥ የምውል ጸሐፊ ነኝ፤ የጻፍክልኝን አንዲት ፊደል ሳልጨምር ሳልቀንስ እፈጽማለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሉኝ አባባ ብቻ ናቸው።

እህትህ እታገኘሁ አድማሴ


አዲስ አበባ
ኅዳር 5 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለወይዘሪት እታገኘሁ አድማሴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የጋሽ አድማሴንም ጉልበት ከዚሁ ሆኜ ስሜያለሁ። ጥያቄሽን በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። እኛ የሕክምና ሰዎች ሥራ ስለሚበዛብን መልሱ ጥቂት ዘገየ።

መርፌው ጠዋት ጠዋት ይወጋል፤ አንድም ቀን አይታለፍም። ከተወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቁርስ ይብሉ፤ ምሳና ራትም ሰዓቱን ይጠብቅ። የገብስ ቂጣ፣ ሽሮና ጎመን ይስማማቸዋል። ጠላና ጠጅ ይቅር። ብልቃጡ ሙቀት ስለማይወድ እንስራው የሚቀመጥበትን እርጥብ አሸዋ ቆፍረሽ እዚያ ቅበሪው። መርፌውን ሳትቀቅይ እንዳትጠቀሚ። ማታ ማታ እግራቸውን አጥበሽ ቁስል እንዳለ ተመልከቺ፤ ባዶ እግራቸውንም ከቤት እንዳይወጡ።

ከሁሉ በላይ ይህን በልብሽ ያዢው። ስኳር ጠላታቸው ነው። ስኳር፣ ማር፣ ጣፋጭ ሻይ በምንም ምክንያት፣ በማንም እጅ ወደ አፋቸው እንዳይገባ። ቢለምኑሽም፣ ቢያለቅሱም አትስጪ። የእኛ አገር ሰው የታመመን በማር ስለሚደልል ነው አጥብቄ የምነግርሽ።

መድኃኒቱን በካርዳቸው እያወጣሁ በየሁለት ወሩ ሁለት ብልቃጥ ደሴ ለሚሄድ ሾፌር እሰጣለሁ። ከደሴ ወዲያ ያለውን መንገድ እናንተ ታውቁበታላችሁ። ያልገባሽ ነገር ካለ ከመጠየቅ አትቆጠቢ።

ወንድምሽ አምባቸው ክንፈ፣ ድሬሰር


መካነ ሰላም
ጥር 18 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለድሬሰር አምባቸው፤

እጅህ ይባረክ፣ ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። ብልቃጦቹ በሰላም ገብተው አሸዋቸው ውስጥ ተቀብረዋል።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። አንዱን በለጡ የምትባል የከላላ ወዳጃችን ወሰደችው። እሷም ይኸው በሽታ ይዟት ልጇ ከደሴ መርፌ ይልክላታል። ባሏ ቸኮል እንደ ዳዊት ይደግመዋል አሉ። ሌላው ወደ ወግዲ ሄደ፤ በማን እጅ እንደገባ አላውቅም። ስምህ ከአንተ ቀድሞ አገር እየዞረ ነው።

አባባ ደህና ናቸው። እንደ ደንቡ ይወጋሉ፣ እንደ ደንቡ ይበላሉ። በሚቀጥለው አንድ ብልቃጥ ብቻ ብትልክ ይበቃናል።

እዚህ ሰው በዝቷል። ከቆላው የወጡ ናቸው፤ ከየት ከየት እንደመጡ ስንጠይቃቸው የሚመልሱበት ድምፅ እንኳ የላቸውም። የሱቃችን በረንዳ ሞልቷል። ሁለት ጊዜ ጠዋት በሩን ስከፍት የማይነሣ ሰው አግኝቻለሁ። ጎረቤታችን ጋሽ አህመድ፣ ሻይ ቤት ያላቸው፣ በትልቅ ድስት አጃ እያፈሉ የሚችሉትን ያህል ያጠጣሉ።

እግረ መንገዴን ልጠይቅህ፤ ቁርሱ የግድ ጠዋት ነው? ማታ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ የቀኑ ሁሉ ተጠቃሎ ቢበላስ? ጥያቄው የእኔ ነው፣ የአባባ አይደለም። አባባ በዕድሜያቸው በር ዘግተው በልተው አያውቁም፤ አላፊ አግዳሚውን «ኑ፣ ብሉ» ሳይሉ አንዲት ጉርሻ ወደ አፋቸው አትገባም። አሁን በሩ ተከፍቶ እንዳይበሉ ሃያ ሰው ዓይናቸውን ያያል። ለጨዋታ ያህል ነው ያነሣሁት።

እህትህ እታገኘሁ


አዲስ አበባ
የካቲት 24 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእታገኘሁ፤

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽማችሁ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከተማው ታውኮ ነበር። ታክሲዎች አድማ መቱ፣ ተማሪዎች ወጡ፣ ዋጋ ተወደደ ብሎ ያልጮኸ የለም። ሆስፒታል የምገባው በእግሬ ነው።

ተማሪዎቹ የወሎን ረሃብተኛ ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ይዘው አየሁ። ከፎቶው ፊት ቆሜ የማውቀው ሰው እንዳለ ስፈልግ አንዱ «አገርህ የት ነው?» አለኝ። ሸዋ ነው አልኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም። እስከ ማታ ድረስ አፌ ውስጥ መረረኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ብልቃጡ ለምን በግማሽ ቀነሰ? ሁለት ብልቃጥ ልክ ነው፤ አንድ ከበቃ መርፌው እየተዘለለ ነው ማለት ነው። እታገኘሁ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። መርፌ የሚዘል የስኳር ሕመምተኛ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቢቆጡሽም፣ ቢያባርሩሽም በየቀኑ ውጊ። ምግቡም ጠዋት ነው፤ ማታ ይጠቃለል የሚባል ነገር የለም። በር መዝጋት ካሳፈራቸው ይፈሩ እንጂ ምን ይደረጋል? ይህንን ራስሽ ሆነሽ አንብቢላቸው።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር ነበረኝ። በጽሑፍ ስለማይመች ወደዚያ የሚመጣ ሰው ሳገኝ በቃል እልክልሻለሁ። ሁለቱን ብልቃጥ ልኬአለሁ።

አምባቸው ክንፈ፣ ድሬሰር


መካነ ሰላም
መጋቢት 28 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድሜ አምባቸው፤

ሰላምታ ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባባ መጋቢት 19 ቀን አርፈዋል። ነፍስ ይማር ከማለትህ በፊት ግን ስማኝ፤ ዋሽቼሃለሁ።

እንደ ደንቡ ይበላሉ ያልኩህ ውሸት ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቁርስ ጓዳ ውስጥ አቀርብላቸዋለሁ፤ ቂጣውን ጋቢያቸው ውስጥ ይጠቀልሉና ይወጣሉ። በረንዳው ላይ ለተኙት ያድሉታል። የነፍስ አባታችን «ለእርስዎ ምግብ መድኃኒት ነው፣ ጾሙም አይመለከትዎትም» ብለው ገዝተዋቸው ነበር። አልሰሙም። አንድ ቀን ስቆጣቸው እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ደጄ ላይ ሰው ወድቆ እኔ ጓዳ ገብቼ ጉንጬ ሲንቀሳቀስ ቢያዩኝ ምን እላቸዋለሁ? መድኃኒት ነው እላለሁ? የእነሱስ መድኃኒት ይኸው አይደለም ወይ?»

ባልበሉ ቀን መርፌውን እምቢ ይሉ ነበር። «ካልበላሁ አልወጋም፣ ነርሷ እንዲያ ብላኛለች» ይሉኛል። ሰበብ መሰለኝ። ብልቃጡም የተረፈው ለዚህ ነበር፤ ይህን ላንተ መጻፍ አሳፈረኝ። አንድ ሽማግሌ አባቷን ማብላት ያቃታት ሴት ምን ትባላለች?

የየካቲቱ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እግራቸው ላይ ወድቄ አነበብኩላቸው። ይሞታሉ የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። «በይ፣ ድሬሰሩ ካለ ውጊኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ሳይዘሉ ተወጉ። ቂጣው ግን እንደ ቀድሞው ወደ ውጭ ይወጣ ነበር። አውቅ ነበር። መርፌው ከገባ ሌላው ቀስ በቀስ ይስተካከላል እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

በአሥራ ዘጠኝ ቀን ጠዋት ወጋኋቸው። ቂጣውን ልጅ ለታቀፈች ሴት ሲሰጧት በመስኮት አየሁና ዝም አልኩ። ወደ ስድስት ሰዓት ሱቅ ውስጥ ለአንድ ሰው ስኳር ሲሰፍሩ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ላብ ፊታቸውን አጠበው። በእናቴ ስም ጠሩኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ለስኳሩ ጆንያ ሰጥተው ተንሸራትተው ተቀመጡ።

ጋሽ አህመድ ጩኸቴን ሰምተው አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዘው ደረሱ። ሻዩ ስኳር ጠግቧል። «ወላሂ ይህ ሰው ርቦታል! ይህን ላብ በረንዳው ላይ ባሉት ሦስት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜያለሁ። ዘወር በይ ልጄ፣ ላቅምሰው» አሉኝ። እኔ ደብዳቤህን አሰብኩ። በምንም ምክንያት፣ በማንም እጅ። የሽማግሌውን እጅ መታሁት። ብርጭቆው ተሰበረ፣ ሻዩ አባባ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። አባባ ከንፈራቸውን ወደ ራሰው ጋቢ ሲያስጠጉ ጋቢውን ገፈፍኩባቸው።

ማታ ሳያነጋግሩኝ ሞቱ።

እኔ የማውቀው ደብዳቤህን እንደ ቃሉ መፈጸሜን ነው። ምግቡን በሚመለከት ግን በደለኛ ነኝ፤ አንተ በደከምክበት አሳፈርኩህ። በለጡ ከባሏ ጋር ከከላላ ለለቅሶ መጥታ ነበር። «የአምባቸውን ቃል ስላልጠበቁ ነው» ተባባሉ። ቸኮል «ከእንግዲህ በቤታችን የስኳር ቅንጣት አይገኝም» ብሎ ምሏል። እሷስ ትዳን።

እታገኘሁ


አዲስ አበባ
ሰኔ 29 ቀን 1966 ዓ.ም.

እታለም፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ወር ሊሞላው ነው። አምስት ጊዜ መልስ ጽፌ አምስቱንም ቀድጃለሁ። ይህንን ግን እንደጨረስኩ ደሴ ለሚሄድ ተሳፋሪ እሰጠዋለሁ፤ ከእጁ መልሼ እንዳልቀበለው አውቶብሱ እስኪነሣ ድረስ ሸሽቼ እቆማለሁ።

እኔ ድሬሰር አይደለሁም። የሕሙማን ክፍል ወለል የምጠርግ ሠራተኛ ነኝ። ለእናቴ «ሆስፒታል ገባሁ» ብዬ ጻፍኩላት። ድሬሰር ያለችኝ እሷ ናት፤ አይደለሁም ያላልኩት እኔ ነኝ። ማንንም አይጎዳም መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያ ጥያቄሽ ሲደርሰኝ ሲስተር ሐረግ ለስኳር ሕሙማን ስታስተምር መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆምኩ። የጻፍኩልሽ ሁሉ የእሷ ቃል ነው። ስኳር ይከልከል እስከሚለው እንደሰማሁ አንድ በሽተኛ አስመለሰውና ና ጥረግ ተብዬ ተጠራሁ። «በምንም ምክንያት፣ በማንም እጅ» የሚለውን እሷ አላለችም። እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርኩት፣ የአዋቂ ነገር እንዲመስል።

ጥር ላይ ቀሪውን ሰማሁ። «መርፌ ተወግቶ ያልበላ ሰው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ያን ጊዜ ስኳር መድኃኒቱ ነው። መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሳትውሉ ሳታድሩ ስጡት፤ ከዚያም ምግብ ይከተል። ያልበላ ሰውም አይወጋ» አለች። ወለሉ መሐል ቆሜ ቀረሁ። በዚያው ሳምንት መጻፍ ነበረብኝ። ግን ተሳስቼ ነበር ብዬ ብጽፍ፣ ድሬሰር እንዴት እንዲህ ይሳሳታል ትያለሽ ብዬ አፈርኩ። ይባስ ብዬ በየካቲት ውጊ ብዬ ጮህኩብሽ።

ጋሽ አድማሴ ትክክል ነበሩ። ጋሽ አህመድም ትክክል ነበሩ። የብርጭቆው ነገር የእጅሽ ጥፋት አይደለም፤ እጅሽን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ይህንን ደብቄ ልኖር ቆርጬ ነበር፣ እውነቴን ነው የምነግርሽ። ነገር ግን የፍልሰታ ጾም እየቀረበ ነው። በለጡ ጾመኛ ከሆነች ተወግታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች፤ ቤቷም ውስጥ ስኳር የለም፣ በእኔ ቃል። እባክሽ ድረሽላት። ወግዲ የሄደውንም ቅጂ ፈልጊው። ማነው ይህን ያለው ሲሉሽ ሙያዬን አትደብቂ።

አምባቸው፣ የወለል ጠራጊ


መካነ ሰላም
መስከረም 16 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለአምባቸው፤

ደብዳቤህ ሐምሌ ሃያ ስምንት ቀን በዝናብ ርሶ እጄ ገባ። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የጠላሁት አንተን ነው። ከዚያ እጄን አየሁት።

ከላላ ለመሄድ በቅሎ ያስፈልገኝ ነበር፤ ያላቸው ጋሽ አህመድ ናቸው። ከለቅሶው ወዲህ ዓይናቸውን ማየት እየተሳነኝ በሌላ መንገድ ነበር የምዞረው። «በዚህ ክረምት ምን ሊያደርግልሽ?» ሲሉኝ ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። ብርጭቆው ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። ደብዳቤውን ከእጄ ወስደው አጠፉት። ከዚያ «እኔስ? ሌላ ብርጭቆ ይዤ መመለስ እችል ነበር። ሰው ፊት እጄን መታችኝ ብዬ አኮረፍኩና ቤቴ ገባሁ። አላህ ይቅር ይበለን» አሉ። በቅሎዋን ራሳቸው ጫኑልኝ።

ከሱቃችን ስኳር በጨርቅ ቋጥሬ ተነሣሁ። ወንዙ ሞልቶ አንድ ሌሊት ከዚህ ማዶ አሳደረኝ። ከላላ የገባሁት ነሐሴ ሁለት ቀን ከቀትር በኋላ ነው። የቸኮል ደጅ ላይ ሴቶች ቆመዋል። በለጡ መደብ ላይ ተቀምጣ ላቧ ይንጠባጠባል፤ ማን ነሽ ትለኛለች፣ አብረን ያደግን ሰዎች። መቼ በላች ብል፣ ጾም ነው፣ ማታ ነው የቀመሰች አሉኝ። መርፌውስ? ጠዋት ተወግታለች። ቸኮል ደብዳቤህን ይዞ ራስጌዋ ቆሟል።

ጨርቁን ፈትቼ ስኳሩን ወደ አፏ ሳደርስ ቸኮል እጄን መታኝ። ስኳሩ መሬት ላይ ተበተነ። «ልትገድያት ነው? ድሬሰሩ በማንም እጅ አትስጡ ብሏል!» አለ። እኔም የጋሽ አህመድን እጅ ስመታ የሆንኩት ልክ እንደዚያ ነበር፣ እንደዚያ አምኜ።

ያን ጊዜ ጮህኩ። «ድሬሰር አይደለም! ወለል ጠራጊ ነው! ራሱ ጽፎልኛል! እኔም አባቴን የገደልኩት በዚሁ ነው፤ የጋሽ አህመድን ሻይ ከአባቴ አፍ መትቼ!» አልኩ። እንዲህ ብዬ ስምህን በአንድ መንደር ሰው ፊት አዋረድኩት፣ የራሴንም ከዚያው ጋር። ቸኮል እጁ ወረደ። ከጨርቁ የተረፈውን በጣቴ ጉንጯ ውስጥ አሸሁላት፤ ትንሽ ቆይታ በራሷ ምላሷ ላሰችው። የቀረውን በውኃ በጥብጬ አጠጣኋት። ትንሽ ቆየችና «እታገኘሁ፣ መቼ መጣሽ?» አለችኝ። ቂጣ በላች፤ ሴቶቹ ሁሉ እያዩ፣ በሩ ተከፍቶ። አባባን አሰብኩና ወጥቼ ከበቅሎዋ ጎን አለቀስኩ።

ወግዲ የሄደውን ቅጂ አግኝቼዋለሁ። የያዘው ሰው የሱቅ ዕቃ ጠቅልሎበት ነበር፣ ማንም አልተጎዳበትም። ሁለቱም ላይ የጎደለውን በእጄ ጨምሬአለሁ።

እዚህ መንግሥት ተለወጠ እየተባለ ነው፤ ተማሪዎች ይመጣሉ፣ ጤና ጣቢያውም ይከፈታል ይላሉ። እስኪከፈት የበለጡን መርፌ ልጇ ይልካል፣ ስለ በሽታው የሚታወቀውን ደግሞ አንተ ትልካለህ። ሲስተር ሐረግ ስታስተምር አሁንም በር ላይ ቁም። ጥረግ ብለው ከጠሩህ፣ እዚህ ድረስ ሰማሁ፣ ከዚህ ወዲያ አልሰማሁም ብለህ ጻፍ። ለእናትህ አልነገርኳቸውም። ያንን አንተው ጻፍላቸው።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ እኔም ራሴን ገና አላልኩም። አባባ የተደገፉት ጆንያ እንዳለ ነው፤ አልሸጥኩትም። ከእሱ አንድ እፍኝ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እዞራለሁ። ገበያ ውስጥ ሰው ላብ ሲያጠምቀው ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ቋጠሮው ይሄዳል። አሁን አሁን ሳልጠይቅ ነው የምሰጠው።

እህትህ እታገኘሁ አድማሴ